የመይሳው ቀለብ ሳሎን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ቢርድድ ድራገን የሚሉት እንሽላሊት አለው። ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሲቆጣ ጢሙ ጥቁር ስለሚል አባቱ «መይሳው» ብሎ ስም አወጣለት። እኔን ያስመረረኝ መይሳው ሳይሆን ቀለቡ ነው። በየሁለት ሳምንቱ 500 ክሪኬት፣ ያ ፌንጣ የሚመስለው ነፍሳት፣ በፖስታ ይመጣል። ልጄ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል ከ30 እስከ 40 የሚሆኑትን ሳህን ላይ ገልብጦ ይሮጣል። ማታ ከፍሪጅ ጀርባ ያፏጫሉ። ባለፈው እሁድ እንግዶች ጠርቼ ቡና ሳፈላ አንዱ ከቄጠማው መሀል ተስፈንጥሮ ረከቦቱ ላይ ጉብ አለ። ከጎንደር የመጡት የ72 ዓመት አማቴ «ሰው እንዲህ ያለውን ያባርራል እንጂ በገንዘቡ ይገዛል?» ይሉኛል። ሦስት ዓይነት ሳህን ገዝቻለሁ። ጎረቤቴ መድኃኒት ንፊበት ብላኛለች። የማያመልጡበት ሳህን የትኛው ነው? ወይስ እንሽላሊቱን ለሰው ልስጠው?

እንቅልፍ ያጣች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ከእጅሽ አስቀምጪ። ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ። መይሳውንም ለማንም አትስጪ፤ ልጅሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳደገው ነው።

ረከቦቱ ላይ ደርሼ መሳቄን አልደብቅሽም። የሳቅሁት ግን በራሴ ነው። የኛ ልጅ ሌፐርድ ጌኮ የሚባል እንሽላሊት አላት። ገና በገዛንላት ሰሞን አንድ ማታ የክሪኬቱን ሳጥን ክዳን በቅጡ ሳልገጥም ተኛሁ። ጠዋት ባለቤቴ ለሥራ ስትወጣ ጫማዋ ውስጥ ያገኘችውን አልነግርሽም። ይኸው እስከ ዛሬ ጫማዋን ሳታራግፍ አታጠልቅም።

ሦስት ሳህን ገዝተሽ ካልሆነልሽ አራተኛውም አይሆንልሽም። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ አብዛኞቹ የሚያመልጡት ከሳህኑ ወጥተው አይደለም። ልጅሽ በጥድፊያ ሲገለብጥ ያኔውኑ ከሳህኑ ውጭ ያረፉ አሉ። ሳይበሉ የተረፉት ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል እነሱ ታንኩ (የመይሳው መስታወት ቤት) ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ቀን ሙሉ የሚዞር ነገር ቀዳዳ አያጣም። ሳህኑ የመጨረሻው አጥር ነው። ስለዚህ ከሳህኑ በፊት ስለ ቁጥሩ እናውራ።

በቀን 40 ክሪኬት ለሁለት ዓመት ቢርድድ ድራገን ብዙ ነው። በጣም ብዙ ነው። ስትገዙት የተሰጣችሁ መመሪያ ለጫጩት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ጫጩት ሳለ በየቀኑ ነፍሳት ይበላል፣ ያውም ደጋግሞ፤ እያደገ ነዋ። ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው ነገሩ ይገለበጣል። አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ይሆናል። ነፍሳት በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በአንድ ጊዜ ወደ 10 ገደማ ይበቃዋል። እስኪ አስሊው። በሁለት ሳምንት 500 ስታስመጪ የሚያስፈልግሽ 60 ገደማ ነው። ቀሪዎቹ 440 ናቸው ሌሊት የሚያፏጩልሽ።

ቅጠል ስልሽ ሩቅ አትሂጂ። ጎመን ነው። ያው ኮላርድ ግሪንስ ተብሎ የሚሸጠው፣ አንቺ ለጎመን ወጥ የምትገዢው። ዘይትም ነጭ ሽንኩርትም ሳይነካው፣ ጥሬውን፣ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፍለት። ካልሲየሙ ጥሩ ስለሆነ ከሚመከሩት ቅጠሎች አንዱ ነው። ቆስጣና ስፒናች ግን አታዘውትሩለት፤ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለባቸው ካልሲየሙን ይይዙበታል። አቮካዶና ሽንኩርት ጭራሽ አይቅመስ። እንግዲህ ረቡዕና ዓርብ መይሳውም ከቤተሰቡ ጋር ይጹም። አማትሽ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ትንሽ ሳይራራ አይቀርም።

የነፍሳቱን ቀን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አድርጉት። ሰዓቱም ጠዋት መሆኑ ይቅር። ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ቦርሳውን ካስቀመጠ በኋላ ይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ብቻ የታንኩ መብራት ከመጥፋቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቅደም። እንሽላሊት የበላውን የሚፈጨው ሰውነቱ ሲሞቅ ነው።

አሁን ወደ ሳህኑ።

ክሪኬት መስታወት ላይ ለምን እንደማይወጣ ካወቅሽ የሚሆንሽን ሳህን ራስሽ ትለያለሽ። እግሩ ጫፍ ላይ ጥፍር አለው። በዚያ ጥፍር የሚቆነጥጠው ነገር ይፈልጋል፦ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ካርቶን፣ ሻካራ ድንጋይ። አንዳንድ ነፍሳት መስታወት ላይ የሚለጠፉበት እንደ ትራስ ያለ ነገር እግራቸው ላይ አላቸው፤ ክሪኬት የለውም። ስለዚህ ንጹህ የመስታወት ግድግዳ ለሱ ገደል ነው። ግን ይዘላል። መውጫው ሁለት ነው ማለት ነው፦ መቧጠጥና መዝለል። ሳህን የሚዘጋው መቧጠጡን ነው። ዝላይ የሚያስቀር ክፍት ሳህን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ማሸጊያው ላይ ምንም ይጻፍ።

«ንጹህ» ያልኩትን ደግሞ ልብ በዪ። ልጅሽ ክሪኬቶቹን ከመስጠቱ በፊት የካልሲየም ዱቄት እንደሚያለብሳቸው እገምታለሁ፤ ማልበስም አለበት። ያ ዱቄት ከርጥበትና ከኩሳቸው ጋር ተደባልቆ ሳህኑ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይጋገራል። አዲስ ሳህን መጀመሪያ ሰሞን በደንብ ሠርቶ በሳምንቱ «የማይረባ» የሚሆነው በዚህ ነው። ሳህኑ አልተበላሸም፣ መሰላል አብቅሏል። ጣትሽን በውስጠኛው ግድግዳ አንሸራትቺ። ሻከር ካለሽ ለክሪኬቱ ደረጃ ነው። ከገዛሻቸው ሦስት ሳህኖች አንዱ ይህ ብቻ ይሆናል በሽታው። በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥበሽ፣ በደንብ አድርቀሽ እንደገና ሞክሪው።

የዓለት ቅርጽ ያላቸው፣ ቡናማ ቀለም የተቀቡ ሳህኖች አሉ። ታንክ ውስጥ ሲያዩዋቸው ያምራሉ። ውስጣቸውም እንደ ውጫቸው ሻካራ ከሆነ ለውኃ አድርጊያቸው። ለነፍሳት የሚሆነው ግድግዳው ቀጥ ያለ ወፍራም መስታወት ነው፤ ወይም ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሸክላ። ከንፈሩ ወደ ውጭ የተዘረጋ፣ እንደ ሾርባ ሳህን ገደድ ያለ ከሆነ ተዪው። ለመይሳው እኔ መስታወቱን እመርጥለታለሁ። የሚያድነው የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ ነውና በግድግዳው በኩል ያያቸዋል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጊዜ አፍንጫውን ይመታ ይሆናል። ይለምደዋል። ጥልቀቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለሱ ቁመት ደህና ነው። ከበድ ይበል፤ ዘሎ ሲገባበት እንዳይገለበጥ።

ሳህኑን ታንኩ መሀል አስቀምጪው። ከግድግዳውም፣ ከግንዱም፣ ከሚተኛበት ድንጋይም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ማሞቂያው መብራት ሥር አይሁን፤ ክሪኬት ሲሞቀው ይፈነጫል። ውስጡ ደግሞ ምንም አይግባ። የካሮት ቁራጭም፣ ጠጠርም፣ የእንቁላል ካርቶንም። አንድ ዘንበል ብሎ የቆመ ካሮት የሳህኑን ግድግዳ በግማሽ ያሳጥረዋል።

ዝላዩን ለመቀነስ ማቀዝቀዝ ይረዳል። የሚበላውን ያህል ክዳን ባለው ኩባያ አድርጉና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት። ክሪኬት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሲበርደው ይደነዝዛል። መይሳው ሳህኑ ጋ እስኪደርስ የሚበቃ ጊዜ ታገኛላችሁ። ቀዝቃዛ ቦታ ስል ፍሪጁን ማለቴ አይደለም። ለሽርሽር የምትይዙት ኩለር ውስጥ በረዶ አድርጉበት። ክሪኬት እንጀራው ጎን የተቀመጠ ቀን አማትሽ ቲኬታቸውን ያስቀይራሉ። የኋላ እግራቸውን ቆንጥሮ የሚያወልቅ ሰውም አለ። እግሩ በቀላሉ ይወልቃል፣ ዝላዩም ይቀራል። እኔ ግን የ11 ዓመት ልጅ ይህን እንዲለምድ አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሳህን የሚስማማው ለማይዘል ቀለብ ነው። ስለዚህ የኔ ትልቁ ምክር ቀለቡን ቀይሪ ነው። ይህን ስጽፍ አማትሽን እያሰብኩ ሁለት ጊዜ ደልዤዋለሁ፤ ምክንያቱም የምልሽ በረሮ ነው። ዱቢያ ይባላል። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። አይዘልም። አያፏጭም። ንጹህ መስታወትና ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት አይችልም። ከክሪኬት ያነሰ ይሸታል፣ ሥጋውም ይበዛል። ክንፍ የሚያወጣው አዋቂው ወንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከከፍታ ሲወድቅ ይንፈራፈራል እንጂ ወፍ አይሆንም። ስታዝዢ ክንፍ ያላወጡትን፣ መካከለኞቹን ጠይቂ። ቁመታቸው በመይሳው ሁለት ዓይኖች መሀል ካለው ስፋት አይብለጥ። ይህ መለኪያ ለክሪኬትም ይሠራል።

«ቤቴን ቢወሩስ?» ትይኛለሽ። ማዕድ ቤት የምናውቀው ትንሹ በረሮ መስታወት ላይ ይሮጣል፣ ፍርፋሪና ጠብታ ውኃ ካገኘ ይራባል። ዱቢያ እንደሱ አይደለም። ለመራባት ወደ 27 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ የሆነ የማያቋርጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋራናይት ለለመደ 80 ማለት ነው። በተራ ቤት ውስጥ አንድ ሁለቱ ቢያመልጡ ቤተሰብ አይመሠርቱም። አንዳንድ ሻጮች «ሬድ ራነር» የሚሉትን ፈጣን በረሮ ከዱቢያ ጋር አታምታቺ። እሱ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ አካባቢ ከቤት ውጭም ለምዶ ይኖራል፤ ለጀማሪ አይሆንም። ፍሎሪዳና ካናዳ ያላችሁ አንባቢዎቼ ደግሞ ዱቢያ እናንተ ጋ ክልክል ነውና ትእዛዙን ተዉት።

ለአማትሽ «በረሮ» ማለቱ ግድ አይደለም። «ዱቢያ» በያቸው። ዋሸሽ አይባልም፣ ስሙ ነው።

በረሮ ቤቴ አይገባም ካልሽ የዱቄት ትል አለ፤ ሚልዎርም የሚሉት። ሳህን ውስጥ አርፎ ይቀመጣል። ሱፐርዎርም ደግሞ ትልቁ ነው፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ የሳህኑን ከንፈር ይደርስበታል። እኔ የምይዘው መለኪያ የሳህኑ ግድግዳ የትሉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይሁን የሚል ነው። ሚልዎርም ሲያድግ ጥንዚዛ ሆኖ እህል ጎተራ የሚያጠቃ ተባይ መሆኑን ግን አትርሺ። ጤፉ፣ ሽሮው፣ በሶው ያለበት ቁም ሣጥን አጠገብ አይቀመጥ። ከጎንደር በሻንጣ የመጣ ሽሮ ውስጥ ትል ከተገኘ እኔ የለሁበትም።

ዋክስዎርም የሚባለው ነጭ ትል ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀፎ ያለው ዘመድ ካለሽ ያውቀዋል፤ የንብ ሰም የሚበላው የእሳት ራት ልጅ ነው። አገር ቤት ንብ አርቢ ሲያየው የሚበሳጭበት ትል እዚህ በኩባያ ታሽጎ ይሸጣል። እንሽላሊት ሲያየው ያብዳል። ስብ ነው፤ ለሕፃን እንደ ከረሜላ በዪው። ሳህን ውስጥም አይረጋም። ሰጥቶ መውጣት አይሆንም፣ በወረንጦ አንድ አንድ እያሉ ማጉረስ ነው። አረንጓዴው ሆርንዎርምም ያው ነው፤ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይወጣል።

ለንደን ካለ አንባቢ ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ መጥቶልኝ ነበር። እዚያ የእንሰሳት መሸጫ ውስጥ አንበጣ በሣጥን ይሸጣል። አዎ፣ አንበጣ። በ2012 ዓ.ም. ሰብል ላይ ሲያርፍ ሕዝቡ ቆርቆሮ እየደበደበ ያባረረው ዓይነት። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ አይፈቀድም፤ አንቺንም ከአማትሽ ጋር ከሚመጣ ጣጣ አድኖሻል። አንበጣ እግሩ ላይ ያ የሚለጠፍ ትራስ ስላለው መስታወት ሳህን አይገድበውም።

ከክሪኬት ጋር መቀጠል የግድ ከሆነ አሁን የምልሽ ከሳህኑ ይበልጣል። ልጅሽ ሳጥኑን የሚከፍተው የት ነው? ምንጣፍ ላይ ከሆነ እዚያው አገኘነው። ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ለስላሳ የሆነ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ግዢ፤ የክረምት ብርድ ልብስ የምናስቀምጥበት ዓይነት። የክሪኬቱን ቤት መክፈት፣ መቁጠር፣ ዱቄት ማልበስ፣ ሁሉም እዚያ ሣጥን ውስጥ ይሁን። የተስፈነጠረ ቢኖር ሣጥኑ ውስጥ ያርፋል። አንዳንዱ ደረቅ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ይሠራዋል። ክሪኬት ከገንዳው መውጣት አይችልም፣ እውነት ነው። እኔ ግን ሰው የሚታጠብበትን አልደግፍም።

በእጅ አይያዙ። ክሪኬት ጨለማ ይወዳል። የወረቀት ፎጣ ጥቅሉ ሲያልቅ መሀሉ የሚቀረውን ካርቶን ቤታቸው ውስጥ አስገቡት። ራሳቸው ገብተው ይደረደራሉ። ልጅሽ ካርቶኑን አንስቶ ሁለቱን አፍ በመዳፉ ይዝጋ፣ ጥልቅ ኩባያ ላይ ያራግፈው፣ 10 ይቁጠር፣ ትርፉን ይመልስ። ኩባያው ውስጥ ትንሽ ካልሲየም ይጨምርና እንደ ቡና ቆሎ ያዟዙረው። ከዚያ ሳህኑ ላይ ይደፋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሚቀመጡበትም ሣጥን ቁመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ውስጡን ከላይ ዙሪያውን ሰፊ ግልጽ ስኮች ለጥፊበት፤ ፕላስቲኩ ቢጫጫርም ስኮቹ ያንሸራትታቸዋል። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባው ወንፊት ብረት ይሁን። የናይለኑን ይበሉታል። እኔ ይህን የተማርኩት በዚያች የጫማዋ ጠዋት ማግስት ነው፤ ክዳኑን ገጥሜ ተኛሁ፣ ናይለኑን በልተው ወጡ። ቫዝሊን የሚቀባም አለ። እሱ ለማከማቻው ሣጥን ነው፣ መይሳው የሚልሰው ሳህን ላይ አይደርስም።

ከፈለግሽ ደግሞ ነገሩን ገልብጪው። ቀለቡን ወደ መይሳው ከምትወስዱ መይሳውን ወደ ቀለቡ አምጡት። ለስላሳ ትልቅ ሣጥን፣ ባዶ፣ ውስጡ እሱና 10 ክሪኬት። ሲጨርስ ወደ ቤቱ። ቦታው ሲቀየርበት የምግብ ፍላጎቱ የሚጠፋ እንሽላሊት አለ። የሚስማማው ከሆነ ግን የሳህን ጣጣ ያከትማል።

በየትኛውም መንገድ ይሁን፣ 15 ደቂቃ ሲሞላ ያልተበላው ይነሳ። ይህን የምልሽ ለረከቦቱ ብዬ ብቻ አይደለም። ክሪኬት ሌሊት ሲርበው የተኛ እንሽላሊት ያኝካል። የዓይን ቆብ፣ የእግር ጣት፣ የጅራት ጫፍ። አንዱ ቢሰወርባችሁ ታንኩ ጥግ ላይ ቁራጭ ካሮት ተዉለት፤ እሱን ይብላ፣ ሌሊትም እዚያው ታገኙታላችሁ። ታንኩንም አንድ ቀን በባትሪ መብራት ፈትሹት፤ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳና ሁለቱ ተንሸራታች መስታወቶች የሚደራረቡበት ክፍተት ዋነኞቹ በሮች ናቸው።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። ቤት ውስጥ የሚነፋው የነፍሳት መርዝ እንሽላሊትንም ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መርዝ የነካው ክሪኬት እየተንገዳገደ ታንኩ ውስጥ ቢገባ ነው፤ ለመይሳው ቀላል አደን ነው፣ ይውጠዋል። ጎረቤትሽን አመስግነሽ መልሺላት።

ሌላ መርዝ ላስጠንቅቅሽ፣ ሜሪላንድ ስለሆንሽ። ሰኔ ላይ ግቢው በማብለጭለጭ ይሞላል። ፋየርፍላይ ነው፣ ማታ የሚያበራው ነፍሳት። ልጆች በጠርሙስ ይሰበስቧቸዋል። ልጅሽ «ነፃ ቀለብ» ብሎ አንዷን ለመይሳው እንዳይሰጥ ዛሬውኑ ንገሪው። ለቢርድድ ድራገን ገዳይ ናት፤ አንዷ ብቻ ልትበቃው ትችላለች። ከግቢ የተያዘ ማንኛውም ነፍሳት ባይሰጠው ነው የሚሻለው፤ ሣሩ ላይ ማን ምን እንደረጨ አይታወቅም።

ስለ አማትሽ አንድ ቁም ነገር አለኝ። ቢርድድ ድራገን ጤነኛ መስሎም ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከእንደነዚህ እንሰሳት እንዲጠነቀቁ የሚመክረው ለዚህ ነው። እሳቸው 72 ናቸው። ስለዚህ ያ ሳህን፣ እንደዚያ አጽጂ እያልኩ የነዘነዝኩሽ ሳህን፣ ብርጭቆና ሲኒ በሚታጠብበት ሲንክ አይታጠብ። የራሱ ባልዲና የራሱ ስፖንጅ ይኑረው፤ ውኃው ሽንት ቤት ይደፋ። ልጅሽም ከነካካው በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ በተለይ የሳቸውን ጉርሻ ከመቀበሉ በፊት። ጎመኑን ግን እሳቸው ቢከትፉለት ምንም አይደል። ሰሃኑን ልጁ ያድርስ። ሰው ያበላውን እንሰሳ ለመጥላት ይቸግረዋል።

አሁን ቤትሽ ውስጥ ያሉትን እንዴት እንደምትይዣቸው። በእጅ ማሳደዱን ተዪው። ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ማሰሮ ውሰጂ፤ የቲማቲም ሶስ ያለቀበት ይሆናል። ውስጡ ቁራጭ ዳቦና ካሮት ጣዪ። ውጭውን ወረቀት አልብሺው፣ ለመውጣት ጥፍራቸው እንዲይዝ። ውስጡ ባዶ መስታወት ይቅር። ማታ ከፍሪጁ ጎን አኑሪው። በወረቀቱ ይወጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ መመለሻ የለም። የማያመልጡበት ሳህን ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቦታው ተገልብጦ። ሙጫ ያለው ወጥመድም ይሠራል፣ መይሳው ወለል ላይ ከሚንሸራሸርበት ክፍል ግን አታድርጊው።

ወጥመዱን አሥር ቀን ያህል ሳታነሺ ተዪው። ሌሊት የሚያፏጨው ወንዱ ነው። ስትቀርቢ ዝም ይላል፣ ስትርቂ ይቀጥላል፣ ያበሳጫል። ግን ለብቻው ምንም አያመጣም፤ አዋቂ ክሪኬት ዕድሜው የሳምንታት ጉዳይ ነው። የምትፈለገው ሴቷ ናት። ከኋላዋ እንደ መርፌ የወጣ ረጅም ነገር አላት፤ እንቁላሏን እርጥብ አፈር ውስጥ የምትወጋበት ነው። ሙቀት ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ቤትሽ ውስጥ እርጥብ አፈር የት አለ? ሐበሻ ቤት ነው፣ ማዕድ ቤቱ መስኮት ላይ ጤናዳም አይጠፋም። ጤናዳም ድርቀት ይችላል። ለጥቂት ሳምንት የላይኛው አፈር ደርቆ ይቆይ፣ ዙሪያውንም ጠጠር አልብሺው። ሴቷ አታፏጭም። ዛሬ ማታ ወንዱ ከፍሪጁ ጀርባ ሲዘፍን እሷን ባትሪ ይዘሽ እዚያ ሥር ፈልጊያት።